ከጨረቃ ቤት ወደ ጨረቃ ፎቶ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ጨረቃም ስትሞላ፣ በስልክ የሚዘዋወሩት ፎቶዎች መልካቸው ይለወጣል። አንዲት ወጣት ነጠላ ተከናንባ ካላለቀ ሕንፃ ጥግ ቆማለች። አንድ ልጅ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተቀምጦ ወደ ሜዳው ያያል። አምፖል የለም፣ ፍላሽ የለም፤ የሚያበራው የጨረቃ ብርሃን ብቻ ነው። ቦታው ብዙ ጊዜ የአዲስ አበባ ዳር ነው፤ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ።

ክርክሩም አብሮ ይመጣል። ግማሹ ሰው «ይሄ ኤዲት ነው፣ በጨረቃ ፎቶ አይነሳም» ይላል። ግማሹ ደግሞ ነገሩን ከፍ አድርጎ የዘመን ለውጥ ምልክት ያደርገዋል። ሁለቱም ቸኩለዋል። የመጀመሪያው የካሜራውን አሠራር አላየም። ሁለተኛው ከፎቶው በፊት እዚያው ዳር ላይ ምን እንደነበረ ረስቷል። የአዲስ አበባ ዳርቻ ከጨረቃ ጋር የቆየ ጉዳይ አለው። «ጨረቃ ቤት» የሚለውን ቃል የማያውቅ የከተማው ነዋሪ የለም።

## ጨረቃን ማንሳትና በጨረቃ ማንሳት

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። አንዱ ጨረቃዋ ራሷ የምትታይበት ፎቶ ነው። ሌላው ጨረቃዋ ከፍሬሙ ውጭ ሆና የሰው ፊት ላይ የምታበራበት ነው። በጨረቃ ብርሃን የተነሳ ፖርትሬት፣ ማለትም የመልክ ፎቶ፣ ሊባል የሚችለው ሁለተኛው ብቻ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ጨረቃዋ ከሰውየው ጀርባ ከታየች የምታበራው ጀርባውን ነው። ከኋላ ደማቅ ጨረቃ፣ ከፊት ደግሞ ወለል ብሎ የሚታይ ፊት ካያችሁ ሌላ መብራት አለ፤ ወይም ሁለት ፎቶ ተጋብቷል።

የጨረቃዋ ግዝፈትም ያጋልጣል። ከምድር ስትታይ ስፋቷ ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። ክንድን ዘርግቶ በትንሿ ጣት ጫፍ መጋረድ ይቻላል። በተለመደው የስልክ ሌንስ ነጥብ ነገር ሆና ነው የምትወጣው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ከጨረቃዋ ጋር እኩል እንዲታይ ከካሜራው 190 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ከዚያ በረጅም ሌንስ መሳብ ነው። ይህን አድካሚ ሥራ የሚሠሩ አሉ፤ ሰውየውን ኮረብታ ላይ አቁመው ከማዶ ያነሱታል። የሚያገኙት ግን ጥቁር ጥላውን እንጂ መልኩን አይደለም።

ጥርጣሬው ግን ከሜዳ አልመጣም። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. አንድ የሳምሰንግ ስልክ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ከሩቅ በስልኩ አነሳው። ስልኩ በደበዘዘው ምስል ላይ ያልነበረ ዝርዝር ጨምሮ አወጣለት። ኩባንያው በኋላ ሶፍትዌሩ ጨረቃን ለይቶ እንደሚያውቅና ዝርዝሯን እንደሚያጎላ አብራራ። ጨረቃ ለዚህ ትመቻለች። ዘወትር የምታሳየን አንዱን ፊቷን ስለሆነ ስልኩ መልኳን አስቀድሞ ማጥናት ይችላል። ከዚያ ወዲህ ጨረቃ ያለበት ፎቶ ሁሉ በጥርጣሬ መታየቱ አይገርምም።

## ያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ፊት እንዴት ይወጣል?

ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ 400,000 ጊዜ ያህል ትደበዝዛለች። ሉክስ በሚባለው የብርሃን መለኪያ፣ የቀትር ፀሐይ 100,000 ገደማ ስትሆን ሙሉ ጨረቃ ከ0.1 እስከ 0.3 ብትሆን ነው። የራሷ ብርሃን የላትም። ከሚያርፍባት የፀሐይ ብርሃንም የምትመልሰው 12 በመቶ ያህሉን ነው፤ ያረጀ አስፋልት የሚመልሰውን ያህል ማለት ነው። ግማሽ ስትሆን ደግሞ ብርሃኗ በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ አንድ አስረኛ ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ሥራው በወር ከጥቂት ሌሊት አያልፍም።

ያም ሆኖ ይነሳል። ካሜራ ከዓይን የሚለይበት አንድ ችሎታ አለው፤ ብርሃንን ማጠራቀም ይችላል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ ተገጥሞ፣ የብርሃን ስሜቱ (አይኤስኦ የሚባለው) 3200 ላይ ከተደረገ፣ በሙሉ ጨረቃ አንድን ፊት ለማውጣት ከግማሽ ሰከንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ይበቃል። በፀሐይ ያው ፊት በሰከንድ ሺህኛ ክፋይ ያልቃል። ልዩነቱ የሚከብደው ፎቶ በሚነሳው ሰው ላይ ነው። ሁለት ሰከንድ ሙሉ አለመንቀሳቀስ አለበት። ዓይኑ ከተርገበገበ፣ አንገቱ ከዞረ ፊቱ ጭስ ይሆናል።

በዚህ ምክንያት የጨረቃ ፎቶዎች ላይ ሳቅ አይበዛም። ሳቅ ለሁለት ሰከንድ አይቆይም፤ ከቆየም ሳቅነቱ ይቀራል። ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ለዓለም ሲተዋወቅም ነገሩ እንዲሁ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተነሺው እንዳይነቃነቅ ጭንቅላቱ ከኋላ በብረት ይደገፍ ነበር። በድሮ ፎቶ ላይ የአያቶቻችን ፊት ኮስተር ማለቱ ከኩራት ብቻ የመጣ አልነበረም ለማለት ነው።

ስልኮች ወደዚህ ሥራ የገቡት በቅርቡ ነው። ጎግል በፒክስል ስልኮቹ ላይ «ናይት ሳይት» ያለውን እ.ኤ.አ. በ2018፣ አፕል ደግሞ የሌሊት ማንሻውን በአይፎን 11 እ.ኤ.አ. በ2019 አወጡ። አሠራሩ አንድ ረጅም ፎቶ ማንሳት አይደለም። ስልኩ ብዙ አጫጭር ፎቶዎችን በተከታታይ ያነሳና አንዱን በሌላው ላይ ይደርባል። ጨለማ ውስጥ የሚታየው አሸዋ መሰል ነጠብጣብ፣ ኖይዝ የሚባለው፣ ከፎቶ ፎቶ ቦታው ስለሚለያይ ሲደራረብ ይጠፋፋል። 16 ፎቶ ከተደረበ ኖይዙ ወደ ሩብ ይወርዳል። የሚቀረው ፊቱ ነው። ይህ ኤዲት ነው? በአንድ በኩል አዎ። ግን የሚደርበው ከፊቱ የነበረውን ነው፤ ከሌላ ቦታ ፊት አምጥቶ አይለጥፍም።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር። በጨረቃ የተነሳ ፎቶ ሰማያዊ መሆን አለበት የሚል እምነት አለ። የጨረቃ ብርሃን እንዲያውም ከፀሐይ ብርሃን ትንሽ ወደ ቀይ ያደላል። ሰማያዊ የሚመስለን የራሳችን ዓይን በጨለማ ስለሚለወጥ ነው፤ ለቀይ ይታወርና ለሰማያዊ ይነቃል። ካሜራ ይህ ችግር የለበትም። ለረጅም ጊዜ ከተከፈተ ሰማይ ላይ ከዋክብት ካሉበት በቀር ቀን የመሰለ ፎቶ ያወጣል። ሰማያዊውና ድብዝዝ ማለቱ ፎቶ አንሺው በኋላ የሚመልሰው ነገር ነው፤ ሌሊቱ ሌሊት እንዲመስል።

ለአዲስ አበባ የተለየ ችግርም አለ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ሙሉ ጨረቃ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ አናት ትጠጋለች። ያኔ እንደ ቀትር ፀሐይ የዓይን ጉድጓድን ታጨልማለች። ጥሩው ሰዓት ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ነው። ጨረቃዋ በዚያን ጊዜ ከአድማስ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ብላ ፊትን በጎን ታገኛለች። በማግስቱ ደግሞ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትወጣለች።

## ካሜራው ለማን ተሠራ?

ጠይም ፊት በደካማ ብርሃን አይወጣም የሚለው አባባል ታሪክ አለው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የኮዳክ ቀለም ፊልሞች የሚስተካከሉት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ፊልሙ ጥሩ ነው ይባላል። ጥቁር ፊት ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፊልሙን ለማሻሻል ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ። የቡኒ ዓይነቶቹ በማስታወቂያቸው ላይ አልለይ ብለዋቸው ነበር። የሰው ቅሬታ ያልገፋውን ቸኮሌት ገፋው።

ዛሬ የፊት ማስተካከያው በሶፍትዌር ነው። ቴክኖ የሚባለው ስልክ አፍሪካ ውስጥ ገበያ ያገኘበት አንዱ ምክንያት ካሜራውን ለጥቁር ቆዳ ማስተካከሉ ነው። አምራቹ ትራንሽን ኢትዮጵያ ውስጥም ስልክ ይገጣጥማል። ጎግል «ሪል ቶን» ያለውን ማስተካከያ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ስለዚህ የጨረቃ ፎቶ ያለ ምክንያት በዚህ ዘመን አልመጣም። ከአሥር ዓመት በፊት ጨረቃዋ ነበረች፤ ይህን የሚያወጣ ርካሽ ስልክ ግን አልነበረም።

## መጀመሪያ ቤቱ ነበር

ጨረቃ ቤት ማለት ያለ ፈቃድ በሌሊት የሚቆም ቤት ነው። ማታ አጣናው ይተከላል፣ ቆርቆሮው ይመታል። ጠዋት ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ውስጡ ሰው አለ፤ ምድጃው ይጨሳል። ሰው የገባበትን ቤት ማፍረስ ባዶውን ከማፍረስ ይከብዳል። ስሌቱ ይኸው ነው። ስሙም የመጣው ከዚሁ ብርሃን ነው።

ምክንያቱ ሕግ መጣስ መውደድ አይደለም። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሆነ። በ1986 የሊዝ ሥርዓት መጣ። በጨረታ የሚሸጠው ቦታ ዋጋ ለአብዛኛው ነዋሪ የሚቀመስ አልነበረም፤ የኪራይ ቤትም በየጊዜው ይወደዳል። በሌላ በኩል በከተማው ጠርዝ ያለው ገበሬ መሬቱ ነገ በትንሽ ካሳ እንደሚወሰድ ያውቃል። ከመወሰዱ በፊት ቆርሶ መሸጥ ይሻለዋል። ገዢና ሻጭ በዚህ ተገናኙ። ኮልፌ፣ የካ፣ ቦሌ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ ከተማው ገጠሩን በሚነካበት ሁሉ ጨረቃ ቤት በቀለ።

የእነዚህን ቤቶች ዕጣ የወሰነው ደግሞ ፎቶ ነው። ይህ ብዙም አይነሳም። ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሥርዓት ሲይዙ ትልቁ ማስረጃ በ1997 ዓ.ም. የተነሳው የአየር ፎቶግራፍ ነበር፤ ሰው «የ97 የአየር ካርታ» ይለዋል። ቤትህ በዚያ ፎቶ ላይ ከታየ ካርታ ለማግኘት ተስፋ አለህ። ካልታየ የለህም፤ ብትኖርበትም። በቀን፣ ከላይ፣ በአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ የአንድን ቤተሰብ መኖር አለመኖር ይመሰክራል። በዚያ ፎቶ ላይ ሰው አይታይም፤ ጣሪያ ነው የሚታየው።

ሌላው የምናውቀው የመንግሥት ፎቶ ጉርድ ፎቶ ነው። ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ። ፊት ለፊት፣ ጆሮ ታይቶ፣ ከጀርባ ነጭ ወይም ሰማያዊ። በከተማው ጫፍ ያደገ ሰው ለብዙ ዓመት ያለው የፎቶ ታሪክ ከእነዚህ ሁለቱ ብዙ አያልፍም፤ ጣሪያው ከላይ፣ ጉርዱ ከፊት። የሠርግና የምርቃት ፎቶ በመካከል ገባ ይላል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የጨረቃ ፎቶ ክብደት ያገኛል። ያው ብርሃን፣ ያው ዳር ነው። ያኔ ጨረቃ የምትፈለገው ላለመታየት በቂ ጨለማ፣ ሚስማር ለመምታት ደግሞ በቂ ብርሃን ስለምትሰጥ ነበር። አሁን ልጆቹ በዚያው ብርሃን ሥር ቆመው መታየት ይፈልጋሉ። የለውጥ ምልክት ነው ከተባለ፣ ለእኔ ምልክትነቱ እዚህ ላይ ነው።

## ለምን ዳር ላይ ብቻ?

መሀል ከተማ ላይ ጨረቃ ሥራ አቁማለች። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ቦሌን በመብራት አጥለቅልቋል። ሰው ማታ ወጥቶ ፎቶ የሚነሳውም እዚያው ነው፤ ፏፏቴና ቀለም የሚቀያይር አምፖል ሥር። በዚያው ልማት ከፒያሳና ከአካባቢው የተነሱ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ዳር ተሸኝተዋል። ከእነሱ በፊት ደግሞ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሕዝቡን ወደዚያው ሲያወጣው ቆይቷል። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ብቻ 51,229 ቤቶች ዕጣ ወጥቶባቸዋል። ብዙዎቹ ሳይቶች ውኃና መብራት በቅጡ ሳይሟላላቸው ነው ሰው የገባባቸው። ብርሃኑ መሀል ቀረ፣ ሰዉ ዳር ወጣ።

ሁለተኛው ምክንያት ትራንስፖርት ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል የወጣ ሰው ታክሲ ተሰልፎ ቱሉ ዲምቱ ሲደርስ ጨልሟል። ፎቶ አንሺዎች «ጎልደን አወር» የሚሉት ያ ለስላሳ የማታ ፀሐይ ሚኒባስ ውስጥ አልፏል። በሥራ ቀን ለራሱ የሚተርፈው ብርሃን የጨረቃ ብቻ ነው። ስለ ውበት ብዙ ከመባሉ በፊት ይህን የሰዓት ሒሳብ ማየት ይጠቅማል።

ገንዘቡም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙ ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ፍላሹም፣ የስቱዲዮ መብራቱም፣ ሌንሱም በዶላር ነው የሚመጣው። ጨረቃ ቀረጥ የለባትም።

## የምን ለውጥ?

ሦስት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው «መብራት ማጣትን እያሳመራችሁ ነው» የሚል ነው። ጨረቃዋ ደምቃ የታየችው ፖሉ ላይ አምፖል ስለሌለ ነው፤ በዚያው ጨለማ ሰው ይዘረፋል፣ ተማሪ በሻማ ያጠናል። ይህ ተቃውሞ እውነት ነው፤ ፎቶ አያስተባብለውም። ሁለተኛው «ፋሽን ነው፣ ያልፋል» ይላል። ሊያልፍ ይችላል። ግን ፋሽንም ቢሆን ቦታና ጊዜ ይመርጣል፤ ለምን እዚህ፣ ለምን አሁን የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ሦስተኛው ወገን ዳር የሚኖር ሰው በራሱ ዓይን መታየት ጀመረ ይላል። እስከ አሁን በዜና የሚታየው ቤት ሲፈርስበት ወይም ዕጣ ሲወጣለት ነበር።

እኔ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ። ሁለት ነገር ግን ወደ ኋላ ይይዘኛል።

አንደኛው የሴቶቹ ጉዳይ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሜዳ ላይ ብቻዋን የቆመች ሴት ፎቶ ትልቅ ነገር ይናገራል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ያደገው ትውልድ ማታን ከቤት መክተቻ አድርጎ ነው የሚያውቀው፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ሰዓት እላፊው ከተነሳም በኋላ ቤት ውስጥ ቀጥሏል። ልጅቷ ሌሊቱን የራሷ ያደረገች ትመስላለች። ከካሜራው ጀርባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንድም አለ፣ ጓደኞች አሉ፣ የሳይቱ ጥበቃ አለ። ፎቶው ተነስቶ ሲያልቅ በቡድን ነው የሚመለሱት። ለውጡ ማስመሰል ነው ማለቴ አይደለም። ሌሊት ለመውጣት አጃቢ ያስፈልጋል፤ አጃቢው ግን አብሮ ለመውጣት እሺ ብሏል። ይህ እሺታ ራሱ ከእናቷ ዘመን የተለየ ነው።

ሁለተኛው ከጀርባ ያለው ሜዳ ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ኮንዶሚኒየሙ የቆመው ሰው በሚያርሰው መሬት ላይ ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ ሕይወት አስከፍሎ ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። የ2011ዱ የኮዬ ፈጬ ዕጣም ሌላ ቁጣ ቀሰቀሰ። በፎቶው ላይ «ባዶ» መስሎ የሚያምረው ሜዳ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ በዚያው ጨረቃ አውድማ የሚጠብቅ ሰው ነበረበት፤ በአንዳንዱ ቦታ አሁንም አለ። የጨረቃ ፎቶ አዲሱን ነዋሪ ወደ ፍሬሙ ሲያስገባ ቀዳሚውን ብዙ ጊዜ ውጭ ይተወዋል። ልክ የአየር ካርታው ጣሪያውን እንጂ ሰውን እንዳላሳየው።

## ከዚህ ወዲያ

በቅርቡ የሚጠበቀው ነገር የመንገድ መብራት ነው። ዋና መንገዶቹ ላይ ምሰሶ መተከሉ ቀጥሏል። ነዋሪውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ መብራት መጥቶለት ስለ ጨረቃ የሚያዝን ሰው አይኖርም። ለመኖሪያ ሰፈር መንገድ የሚገጠም መብራት ከ2 እስከ 10 ሉክስ ይሰጣል። ሙሉ ጨረቃ በጠራ ሌሊት እንኳ 0.3 አትሞላም። አንድ አምፖል ከበራ ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን የአምፖሉ ነው፤ ጨረቃዋ ጌጥ ትሆናለች።

ስለዚህ ፎቶ አንሺዎቹ መግፋታቸው አይቀርም። ከአያት ወደ ለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን፣ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዙሪያው ያሉት ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል አንድ ላይ ስለተዋቀሩ ያም «ዳር» የሌላ ከተማ መሀል እየሆነ ነው። ጨለማው ሲርቅ እነሱም ይከተሉታል፤ እዚያም ሲደርሱ ከእነሱ በፊት በሌሊት የደረሰ ሰው ያገኛሉ፤ አጣና ተክሎ፣ ቆርቆሮ ደርድሮ፣ ፎቶ እንዲነሳ የማይፈልግ።